ከሩቅ አገር ስለሚመጡ የግቢያችን እንግዶች
(የተፈጥሮ ትምህርት ክበብ አባላት በትምህርት ቤታችን 50ኛ ዓመት በዓል ላይ ያሰሙት ንግግር)





ከእኛ በፊት የተናገሩት ሁሉ ስለ ትምህርት ቤታችን አመሠራረት፣ በዚህ ግቢ ተምረው ዛሬ በየሥራው ስላሉት ሰዎች በሚገባ ገልጸውልናል። እኛ ደግሞ እንድንናገር የተፈቀደልን ስለ ሌሎች የግቢያችን እንግዶች ነው። እነዚህም በስም መጥሪያ ደብተር ያልተመዘገቡ፣ ሳይጠሩ በመስከረም የሚመጡ፣ ሳይሰናበቱ እስከ ሚያዝያ የሚሄዱ ወፎች ናቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት በትምህርት ቤቱ አትክልት ቦታና ከግቢው በስተጀርባ ወደ ጣና ሐይቅ በሚወርደው ረግረግ እየተዘዋወርን ስናያቸው፣ ስንቆጥራቸውና ፎቶግራፍ ስናነሣቸው ቆይተናል። በዚህ አዳራሽ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ሥዕሎች የዚሁ ሥራ ውጤት ናቸው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። በአገራችን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ የሚልን ሰው «የመስቀል ወፍ» እንለዋለን። ስለዚህም ብዙ ሰው የመስቀል ወፍ ከሩቅ አገር መጥታ፣ በመስከረም ታይታ የምትሄድ ይመስለዋል። ነገር ግን በዚያ ወራት በእህልና በሣር ላይ እንደ አበባ ደምቀው የምናያቸው ቢጫና ጥቁር፣ ቀይና ጥቁር ወፎች አገራቸው እዚሁ ነው። ተባዕቱ በክረምት የመራቢያው ጊዜ ሲደርስ ላባውን ለውጦ ይደምቃል፤ በጋው ሲገባ ያንን የክት ልብስ አውልቆ እንደ ድንቢጥ ቡናማ ስለሚሆን ከፊታችን ቆሞ እንኳ አናውቀውም። በእውነት መንገደኞች የሆኑት ሌሎች ናቸው። እነሱ ደግሞ እዚህ ሲደርሱ አለባበሳቸው ተራ ስለ ሆነ ልብ የሚላቸው የለም።

ከመንገደኞቹ ቀድማ ከምትደርሱት መካከል አንዲት ትንሽ ወፍ አለች። ሆዷ ቢጫ፣ ጀርባዋ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ ጭራዋም ረዘም ያለ ነው። በምድር ላይ ስትራመድ ያንን ጭራ ወደ ላይና ወደ ታች ሳታቋርጥ ትወዘውዛለች። ሊቃውንቱ ሞታሲላ ፍላቫ ይሏታል። ክብደቷ 17 ግራም ያህል ሲሆን፣ ይኸውም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። የምትፈለፈለው በአውሮፓና በእስያ መስክ ሆኖ፣ የዚያ አገር ብርድ ከመግባቱ በፊት ባሕሩንና በረሓውን አቋርጣ ወደ አፍሪካ ትመጣለች። በረግረጉ ዳር ላሞች ሲግጡ ከእግራቸው ሥር አትጠፋም፤ ሰኮናቸው ከሣሩ የሚያስነሣውን ዝንብ ትለቅማለችና። ስለ እርሷ የጠየቅነው አንድ እረኛ «የላሞቻችን ዘበኛ ናት» ብሎ አሳቀን።

እዚህ ላይ ስለ ስም ጥቂት ብንናገር እንወዳለን። ንስርን፣ ጭልፊትን፣ ጅግራን፣ ዋኔን፣ ሽመላን አባቶቻችን ለይተው ሰይመዋል። የሚበላውን ያውቁታል፤ ጫጩት የሚነጥቀውንም እንዲሁ። በሣር ውስጥ ጭራዋን ለምትወዘውዘው ግን የጠየቅናቸው ሽማግሌዎች ሁሉ «ወፍ ናት» ከማለት በቀር ሌላ ስም አልሰጡንም። ስለዚህ እኛ ራሳችን «ጭራ ወዝዋዥ» አልናት። ከአባሎቻችን አንዳንዶቹ ይህ ድፍረት ነው፣ ስም ማውጣት የሊቃውንት ሥራ ነው ብለው ተከራክረው ነበር። አብዛኞቻችን ግን ስም የሌለውን ነገር በደብተር ላይ መቁጠር አስቸጋሪ መሆኑን ስላየን በስሙ ጸንተናል። ከወላጆች መካከል የተሻለ ስም የሚያውቅ ቢኖር ከንግግራችን በኋላ ቢነግረን ወዲያው እንጽፈዋለን።

ሁለተኛዋን እንግዳ ለማየት ከግቢው መውጣት አያስፈልግም። ከቤተ መጻሕፍቱ በስተኋላ ያለው ትልቁ ሾላ ፍሬው ሲበስል፣ ከቅጠሉ መካከል ግራጫ የሆነች፣ ድንቢጥ የምታህል ወፍ ትገባለች። ተባዕቱ በራሱ ላይ ጥቁር ቆብ የደፋ ይመስላል፤ የሴቲቱ ቆብ ግን ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ነው። «ባለ ቆቦ» ብለናታል። አትክልተኛችን ጋሼ የተሰበረ ምጣድ ከሾላው ሥር አኑረው ውኃ ይሞሉበታል። ከጧቱ 4 ሰዓት ገደማ ፀሓዩ ጠንከር ሲል ባለ ቆቦዎቹ ከዛፉ ወርደው ከምጣዱ ይጠጣሉ፤ አንዳንዴም ክንፋቸውን እያርገፈገፉ ይታጠባሉ። በር አጠገብ የተሰቀለው፣ የውኃው ጠብታ እንደ ብርጭቆ ፍንጣሪ የሚታይበት ሥዕል የተነሣው እዚያ ነው። ዋጋው አንድ የተሰበረ ምጣድ ብቻ ስለ ሆነ፣ በየቤታችሁ ግቢ ብትሞክሩት ምን ያህል እንግዳ እንደሚመጣላችሁ ታዩታላችሁ። ድመት ያለው ሰው ግን ምጣዱን ከቁጥቋጦ ራቅ አድርጎ ያኑረው።

በኳስ ሜዳው ላይ ከምስማር በላይ ቀጥ ብላ የምትቆም፣ ስትበር ግን ከጭራዋ በላይ ነጭ የምታሳይ አንዲት ወፍ ደግሞ አለች። እኛ «ነጭ ወገብ» እንላታለን። ክብደቷ 25 ግራም ያህል ነው። ከዚችው ዘር ጥቂቶቹ በአሜሪካ ጫፍ በአላስካ ይፈለፈላሉ። በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናት ላይ ተመራማሪዎች በአላስካ በያዟቸው ወፎች ጀርባ ላይ ብርሃንን የሚመዘግብ ጥቃቅን መሣሪያ አስረው ሲከተሏቸው፣ ወፎቹ እስያን በሙሉ አቋርጠው፣ በአንድ ጉዞ 14,500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ምሥራቅ አፍሪካ መድረሳቸው ታውቋል። በእኛ ሜዳ የሚቆሙት ከየት እንደ ተነሡ የሚነግረን መሣሪያ በጀርባቸው የለም፤ ሆኖም የቅጣት ምት የሚመታ ልጅ ከኳሱ ፊት ሲያባርራት እንዲህ ያለ ዘመድ ያላት መሆኗን ቢያስብ መልካም ነው።

ስለ ጨረባ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ጭራዋ እንደ መቀስ የተሰነጠቀው ወፍ መሆኗን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በመስከረምና በጥቅምት ማታ ማታ በረግረጉ ላይ በብዛት ተሰብስበው ወዲያና ወዲህ ሲወረወሩ ያየ ሰው፣ ሥርዓት የሌለውን ነገር አባቶቻችን ለምን «የጨረባ ተስካር» እንዳሉት ይገባዋል።

ወፎች ከአገር ወደ አገር የሚጓዙ መሆናቸው ዛሬ ለማንም ግልጽ ይመስላል። ነገር ግን በአውሮፓ ብዙ የተማሩ ሰዎች ሳይቀሩ ጨረባ በብርድ ወራት ከሐይቅ ጭቃ ውስጥ ገብታ የምትተኛ ይመስላቸው ነበር። ይህን አሳብ ካናወጡት ነገሮች አንዱ የአንዲት ሽመላ ጉዳይ ነው። በ1822 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር ክሉትስ በምትባል መንደር አጠገብ የተገደለች ሽመላ በአንገቷ ውስጥ የተሰካ ረጅም ጦር ተገኘባት። ጦሩ የአፍሪካ ሰዎች ሥራ ነበር። ያች ወፍ በአፍሪካ ቆስላ፣ ጦሩን እንደ ተሸከመች ወደ ተወለደችበት አገር ተመልሳ ነበር ማለት ነው። እስከ ዛሬም በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ደርቃ ተቀምጣለች። ከዚያም በ1899 እ.ኤ.አ. በዴንማርክ አገር በቪቦርግ ከተማ ሐንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን የተባለ መምህር ቁጥር የተጻፈባቸው የአሉሚንየም ቀለበቶች ሠርቶ በ165 ወፎች እግር ላይ አጠለቀ። ወፉ የትም ቢያዝ ከየት እንደ መጣ ቁጥሩ ይናገራል። መምህሩ ይህን ያደረገው ከትምህርት ቤት ሥራው ጎን ለጎን መሆኑን በተለይ ለመምህሮቻችን ልንነግር እንወዳለን።

መንገዱን እንዴት ያውቁታል ለሚለው ጥያቄ መልሱ አንድ አይደለም። የሚበዙት ትናንሽ ወፎች የሚበሩት በሌሊት ነው። ስቲፈን ኤምለን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1967 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ ወፎችን ሰው ሠራሽ ሰማይ ባለበት አዳራሽ ውስጥ አኑሮ፣ የከዋክብቱ ሰሜን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲዞር ወፎቹም አቅጣጫቸውን አብረው እንደሚለውጡ አሳይቷል። ሌሎች ደግሞ ፀሓይንና የምድርን ማግኔት እንደሚጠቀሙ ተረጋግጧል። ስንቃቸው ስብ ነው። ከጉዞ በፊት አንዳንዶቹ ክብደታቸው ወደ እጥፍ እስኪጠጋ ድረስ ይበላሉ፤ ሰሓራን የሚያቋርጡትም በዚሁ ነው። ባለ ቆቦን የመሰለች ትንሽ ወፍ በመጀመሪያ ጉዞዋ እናትና አባት አይመሯትም። አቅጣጫውን ይዛው ትወለዳለች።

አሁን ወደ ረግረጉ እንውረድ፤ ምክንያቱም በዚያ የሚያድሩት ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ጠባይ አላቸው። እንግሊዞች «ክሬን» የሚሉት፣ እግሩና አንገቱ የረዘመ፣ ግራጫ ወፍ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ወደ ጣና ዙሪያ በብዙ ሺህ እየሆነ ይመጣል። ቀለበት ከታሰረላቸውና በሳተላይት ከተከተሏቸው መካከል ከኤስቶኒያና ከፊንላንድ የተነሡ እንዳሉ ታውቋል። ይህም ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው። ቀን ቀን በፎገራ ሜዳና እህሉ በታጨደበት ማሳ የረገፈውን ፍሬ ይለቅማሉ፤ ሲመሽ ድምፃቸውን እንደ መለከት እያሰሙ ጥልቀት ወደሌለው ውኃ ይመለሳሉ። ጅብና ቀበሮ ውኃውን ሲያንቦጫርቅ ስለሚሰሙ፣ በውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ጫጩታቸው እንደ ባለ ቆቦ ብቻውን አይጓዝም፤ የመጀመሪያውን መንገድ ከእናቱና ከአባቱ ጋር በርሮ ይማረዋል። በመነጽር ስታዩአቸው አንገታቸው ጥቁርና ነጭ የሆነ ሁለት ትልልቆች፣ በመካከላቸውም ራሱ ቡናማ የሆነ አንድ ወይም ሁለት ልጅ ይታያል። ከመድረኩ በስተግራ ያለው ትልቁ ሥዕል እንዲህ ያለ ቤተሰብ ነው።

ከነሱ ጋር በረግረጉ ውስጥ ምንቃራቸው እንደ አካፋ የሰፋ ዳክዬዎች፣ ምንቃራቸውን በጭቃ ውስጥ እንደ መርፌ የሚሰኩ ብዙ ዓይነት ባለ ረጅም እግር ወፎችም ይገኛሉ። እነዚህን መለየት እጅግ አድካሚ ነው፤ ሁሉም ቡናማ፣ ሁሉም ከሩቅ። አንዳንዱ ጧት ከደብተራችን ላይ «ያልታወቀ» የሚለው ቃል ከሁሉ ይበዛል።

ስለ ፎቶግራፍ አነሣሡ ደግሞ ጥቂት እንበል። ዛሬ በየኪሳችን የእጅ ስልክ ስላለ ፎቶግራፍ ማንሣት ቀላል ይመስላል። ወፍ ግን ለእጅ ስልክ አትመችም፤ በሥዕሉ ላይ ነጥብ ብቻ ትሆናለች። ስልኩን በመነጽሩ የዓይን ቀዳዳ ላይ አስጠግቶ ማንሣት ግን ይቻላል፤ ብዙዎቹ የረግረጉ ሥዕሎች የተነሡት በዚህ መንገድ ነው። ክበባችን ያለው እውነተኛ ካሜራ አንድ ብቻ ሲሆን፣ 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ አለው። የሚበር ወፍ ሳይደበዝዝ እንዲወጣ በሰከንድ አንድ ሺሕኛ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ መነሣት አለበት፤ ለዚህ ብዙ ብርሃን ያስፈልጋል። ጥሩው ብርሃን ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለው ነው። ፀሓይን በጀርባ አድርጎ፣ ጆንያ አንጥፎ በሆድ መተኛት ከሁሉ ይበልጣል፤ ቆሞ የተነሣ ሥዕል የወፏን ጀርባ ያሳያል፣ ተኝቶ የተነሣው ግን ዓይኗን ያሳያል። ለዚህ ሥራ ልብሳቸውን በጭቃ ያበላሸንባቸውን እናቶቻችንን በዚህ አጋጣሚ እናመሰግናለን።

ሁለት ሕጎች አሉን። አንደኛው፣ በአንድ ጧት ከ36 ሥዕል በላይ ማንሣት ክልክል ነው። መምህራችን በፊልም ዘመን በአንድ ጥቅል ላይ ይህን ያህል ብቻ ይነሣ እንደ ነበር ስለ ነገሩን ያወጣነው ሕግ ነው። እስከ መቶና ሁለት መቶ ጊዜ የሚጫን ሰው ወፏን አያያትም፤ ሠላሳ ስድስት ብቻ ያለው ግን ከመጫኑ በፊት ይጠብቃል። ሁለተኛው፣ ወፏ መብላቷን ትታ ራሷን ቀና ካደረገች እዚያው እንቆማለን፤ አንድ እርምጃም አንጨምርም። በከንቱ ባስነሣናት ቁጥር ለበረሓው ያጠራቀመችውን ስብ እናቃጥልባታለን። የወፍ ድምፅ በስልክ አሰምቶ ማታለልም በእኛ ዘንድ አይፈቀድም።

ሥዕሉን ሰው ሁሉ ይወደዋል። እኛ ግን ከሁለቱ የሚበልጠው ደብተሩ ነው እንላለን፤ ምክንያቱም ሥዕል አንዲት ወፍ መኖሯን ሲያሳይ፣ ደብተር ስንት እንደ ነበሩና ስንት እንደ ቀሩ ይናገራል። በዓለም ላይ የውኃ ወፎች በጥር ወር ቆጠራ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚደረግ ሲሆን፣ አገራችንም ትቆጥራለች። የእኛ ደብተር ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ነገር ነግሮናል፤ ይህንንም ሳንናገር መውረድ አንፈልግም።

በመጀመሪያው ዓመት ከግቢያችን በስተጀርባ ያለው ረግረግ ውኃው እስከ የካቲት ይቆይ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን በታኅሣሥ ደርቋል። በላይኛው በኩል ቦይ ተቆፍሯል፤ ለጫት ማሳ ውኃ በሞተር ይሳባል፤ በዳሩም ባሕር ዛፍ ተተክሏል። ከጣና በኩል ደግሞ በ2011 እ.ኤ.አ. በሐይቁ ላይ መኖሩ የታወቀው እምቦጭ፣ በተለይ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ወፎቹ የሚቆሙበትን ጥልቀት የሌለውን ውኃ ይሸፍናል። ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ተብሎ ተመዝግቧል። መዝገቡ ትልቅ ክብር ነው፤ የእኛን ቦይ ግን መዝገብ አይደፍነውም።

ይህን ስንል የምንከሰው ሰው የለም። ከክበባችን አባላት የሁለቱ አባቶች በዚያው ረግረግ ዳር ማሳ አላቸው፤ ለደብተራቸውና ለልብሳቸው የሚከፈለው ከዚያው ከሚገኘው ገንዘብ ነው። ከነሱ አንዱን ባለፈው ኅዳር ከማሳቸው ድረስ ሄደን አነጋገርናቸው። በትዕግሥት ከሰሙን በኋላ «እናንተ ወፍ ትቆጥራላችሁ፤ እኔ ልጆች እቆጥራለሁ» አሉን። ለዚህ ቃል በቦታው መልስ አልነበረንም፤ ዛሬም ሙሉ መልስ የለንም። ወፎቹ የዘሩትን ሽምብራ ሲነቅሉባቸውም እንዳዩ ነግረውናል፤ ይህም እውነት ሊሆን የሚችል ነው፤ ረጃጅሞቹ ግራጫ ወፎች አዲስ የተዘራ ማሳ ላይ ሲገቡ ይጎዳሉ።

ሆኖም ረግረጉ የወፍ ብቻ እንዳልሆነ እሳቸውም ያውቃሉ። ለታንኳ የሚታጨደው ደንገል የሚበቅለው እዚያ ነው። በበጋ ሌላው መሬት ሲነድ ላሞቻቸው የሚግጡት እዚያ ነው። የባሕር ዳር ከተማ የምትጠጣው ውኃ የሚገኝበትን የእንፍራንዝን ምንጮች አካባቢ ሄደን ስናየውም ረግረግ፣ ጫትና ባሕር ዛፍ ጎን ለጎን ሆነው አግኝተናቸዋል። ስለዚህ ማሳው ይጥፋ ብለን አልጠየቅንም። የጠየቅነው ከሐይቁ ዳር ወደ ላይ አርባ እርምጃ የሚሆነው ቦታ እስከ የካቲት መጨረሻ ቦይ እንዳይቆፈርበትና ሞተር እንዳይተከልበት ነው። ላሞች ይግቡበት፤ ጭራ ወዝዋዥም ላም ትፈልጋለች። ወፍ ሽምብራውን ሲያስቸግር ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ተራ ገብተን ከማሳው እንጠብቃለን ብለን ቃል ገብተናል። እሳቸውም «እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ አስብበታለሁ» ብለዋል። የቀሩት ሦስት ባለ ማሳዎች እስካሁን አልመለሱልንም። ሁለቱ ዛሬ በዚህ አዳራሽ እንደሚገኙ እናውቃለን፤ እንኳን ደህና መጣችሁልን።

በመጪው ቅዳሜ የጥር ቆጠራችንን እናደርጋለን። መምጣት የሚፈልግ ተማሪም ወላጅም ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በታችኛው በር ይጠብቀን። መነጽራችን ሁለት ብቻ ስለ ሆነ ያለው ሰው ይዞ ቢመጣ ውለታው ትልቅ ነው። ቦቲ ጫማ ያስፈልጋል፤ ነጭ ልብስ አይለበስ። የመቁጠሩ ዘዴ ቀላል ነው፤ በመጀመሪያ አሥር ወፍ በትክክል ቆጥሮ ያ አሥር በዓይን ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ማየት፣ ከዚያም መንጋውን በዚያ ልክ እየከፈሉ መሄድ ነው። ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ይቆጥሩና ቁጥራቸውን ያስተያያሉ። ረጃጅሞቹ ወፎች ፀሓይ ከወጣች ብዙም ሳይቆዩ ከውኃው ስለሚነሡ የሚዘገይ ሰው አይደርስባቸውም።